ድንኳኑ እስኪነሳ

ባለፈው ቅዳሜ ከኮሌጅ ስመለስ፣ መሪ ሰፈር ባለው ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ የሐዘን ድንኳን ተተክሎ አየሁ። በዚህ ዕድሜዬ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። መምህራችን ልጆች ለምን ጎዳና እንደሚወጡ ጽፈን እንድናመጣ አዘውን ነበር፤ በልቤ ቃላት እየመረጥኩ ነበር የመጣሁት። ድንኳኑን ሳይ ግን ዘነበች ትዝ አለችኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። እንጦጦ ግርጌ እንኖር ነበር። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ፣ ጎረቤታችን ዘነበች ደግሞ አሥራ ሁለት ቢሆናት ነው። አባቷ ዘምቶ ወሬው ጠፋ። እናቷ ከተራራው ጭራሮ እየለቀመች በመሸጥ እሷንና ትንሽ ወንድሟን ታኖር ነበር፤ ክረምት ሲገባ ሳል ጣላትና ሞተች።

እድራችን በወጉ ቀበራት። ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ሰፈሩ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ድንኳኑ ሲነሳ ልጆቹን ሌላ ሰው የሚወስዳቸው እየመሰለው ሁሉም ቤቱ ገባ። እኛም በአንድ ክፍል ስምንት ነበርን። ብዙም ሳይቆይ ቀበሌው አዋቂ የለበትም ብሎ ቤታቸውን ለሌላ ሰጠ።

የሐዘን ድንኳን የመጣን ሰው እንደማይመልስ ዘነበች ያወቀችው ያኔ ነው። የእድር ጥሩምባ በተነፋበት ሰፈር ሁሉ ወንድሟን ይዛ ትሄዳለች፤ ንፍሮ ይበላሉ፣ አግዳሚ ሥር ይተኛሉ።

አንድ ቀን ከእናቴ ጋር ለቅሶ ስንደርስ አገኘኋት። ከሟች ልጆች በላይ ታለቅሳለች።

«አንቺ፣ ሟች ምንሽ ናቸው?» አለቻት አንዲት ሴትዮ።

«አጎቴ።»

«ባለፈው ሳምንትም አጎትሽ ሞቶ ነበር። ምን ዓይነት ዘር ነው እንዲህ የሚያልቀው?»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። የእድሩ ዳኛ ሰምተው መጡ።

«ልጄ፣ ብሉና ሂዱ። ማደሩ ግን ይቅር፤ የእድር ዕቃ ቢጠፋ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

«ዝናቡ እስኪያባራ፣ አባባ።»

«ዝናቡማ እስከ መስቀል መች ያባራል» አሉ። በክፋት አልነበረም።

ወንድሟ ጉንጩ በንፍሮ እንደተወጠረ ቀሚሴን ጎተተኝ።

«ነገስ ማን ይሞታል?» አለኝ።

በዝናቡ ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ወረዱ። ከዚያ ወዲያ ሰፈራችን አላያቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ የግቢያችንን ድንኳን ያቆሙትን ወጣቶች ሌሊትም ይቆይ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«አይ እማማ፣ ማታ እናነሳዋለን። የጎዳና ልጆች እየገቡ ያስቸግራሉ» አለኝ አንዱ።

ቤቴ ገብቼ ለመምህሩ «ድህነት» ብዬ ጀመርኩና ሰረዝኩት። «እናታቸውን በወጉ ቀበርን» ብዬ እንደገና ጀመርኩ።