የአባቴን ታንኳ ያሰርኩት እኔ ነኝ

ትናንት ከትምህርት ቤት ስመለስ የእህል ማኪና ነጂው አክስቴ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። በሳምንት አንድ ቀን ከጎርጎራ ተነሥቶ በቆላ ድባ አድርጎ ወደ ጎንደር የሚወጣ ሰው ነው፤ ከአባቴ ዘንድ ሽምብራም መልእክትም የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ገና ከሩቅ ሲያየኝ ሣቀ።

«አንቺ ታንኳ ሠሪ!» አለኝ። «ሽማግሌው ልከውብሻል።»

«የቱ ሽማግሌ?»

«ታንኳ የሚያስሩት ናቸዋ! ‹ለትንሣኤ ስትመጣ እኔ ዘንድ ሳትደርስ እንዳትመለስ። አንድ ታንኳ አብረን እናስራለን። እንዴት አድርጋ እንዳቀለለቻት ታሳየኝ› ብለዋል።»

ደብተሬን እዚያው ደጃፉ ላይ ጥዬ ዘለልኩ። አክስቴ እጇን በነጠላዋ እየጠረገች ወጥታ፣ «ምነው፣ ምን ነካሽ? ልጅቱ አበደች!» አለች። ነጂው እንደገና ነገራት። እሷም እልል አለች፤ ለምን እልል እንዳለች ግን ኋላ ነው የጠየቀችኝ። እናንተም ሽማግሌውን ስለማታውቋቸው ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን አይገባችሁም። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ቤታችን ከቆላ ድባ ወዲያ፣ ከጎርጎራ ወዲህ፣ ጣና ዳር ነው። አባቴ ጥቂት ማሳ አለው፤ የሚያኖረን ግን ዓሣው ነው። ዓሣ ሲጠፋበት ሐይቁ ውስጥ ወዳለችው ሣራም ደሴት ቀዝፎ ለጅግራ ወጥመድ ይጥላል። ለዚህ ሁሉ ታንኳ ያስፈልገዋል። የኛ አገር ታንኳ እንጨትም ምስማርም አያውቅም። ደንገል የሚሉት ረጅም የውሃ ሣር ከሐይቁ ዳር ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ እንደ ነዶ ይታቀፍና በልጥ ጥፍር ተደርጎ ይታሰራል። ታንኳው ውሃ ስለሚጠጣ ማታ ማታ ከሐይቁ ተጎትቶ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ውሃው ይንጠፈጠፋል። እንዲያም ሆኖ ዓመት አይደፍንም።

ከገና በፊት አባቴ መረቡን ሊያነሣ በወጣበት ጉማሬ ከሥር ገጨው። ታንኳው ለሁለት ተከፈለ፣ የግራ እጁም ከአንጓው ተሰበረ። ለገና ዕረፍት ከጎንደር ስወርድ እጁን ወጌሻ አስሮለት፣ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተቀምጦ አገኘሁት። አልቅሼ ሳልጨርስ ነገሩን ነገረኝ።

«ሽማግሌው ‹የብዙ ሰው ታንኳ ይዣለሁ፣ ከሁዳዴ በፊት አልደርስልህም› አሉኝ። ቢደርሱልኝም የሳቸው ታንኳ ከባድ ነው። በአንድ እጄ ጎትቼ አላቆመውም። ታንኳ ከሌለ ዓሣ የለም፣ ዓሣ ከሌለ ደግሞ ለአክስትሽ የምልከው ቀለብሽ የለም። ትምህርቱ ይቅርብሽ፣ ልጄ። እዚሁ ሁኚና እናትሽን እርጂ።»

ይህን ሲናገር መሬት መሬቱን ነበር የሚያየው።

«እኔ አስረዋለሁ» አልኩ።

እናቴ ከጓዳ ሆና ሣቀች። «ሴት ልጅ ታንኳ ስታስር የት አየሽ?»

እውነቷን ነው፣ አላየሁም። በኛ ዘንድ ሴት ደንገል ትሸከማለች፣ ታሰጣለች። ማሰር የወንድ ነው። አባቴ ግን አልሣቀም።

«መቼ ነው የምትመለሺ?»

«ከቃና ዘገሊላ በኋላ ባለው ሰኞ።»

«እንግዲህ እስከዚያ ነው። እኔን ተሸክሞ ደሴቲቱ ደርሶ የሚመለስ፣ በዚህ በአንድ እጄ የማቆመው ታንኳ ካሰርሽልኝ ትሄጃለሽ። አለዚያ ትቀሪያለሽ።»

ደንገሉስ ነበር። አባቴ ሳይጎዳ አጭዶ ያደረቀው ጓሮ ቆሟል። በማግሥቱ እሱ ወጌሻው ዘንድ ሄዶ ዋለ። ልጠብቀው አልኩ? አላልኩም! ሲመለስ ላስደንቀው ብዬ ብቻዬን ገባሁበት። ነዶውን በጉልበቴ ረግጬ፣ ልጡን በጥርሴ ነክሼ እየጎተትኩ ሳስር፣ ታንኳ ሠሪው ሽማግሌ በደጃችን አለፉና በዱላቸው ተደግፈው ቆሙ።

«ምነው ልጄ፣ መሶብ ልትሰፊ ነው?»

«ታንኳ ነው፣ አያ።»

«ታንኳ! መክደኛውንም እንዳትረሺ!» ብለው እየሣቁ ሄዱ።

አሰርኩት። አምሮ ነበር፣ ሙሉ ሦስት ቀን። አባቴም በግቢው እየዞረ አይቶ፣ «ሸጋ ነው» ብሎኝ ነበር። ለጥምቀት አምስት ቀን ሲቀረው ወደ ሐይቁ አወረድነው። ሽማግሌውም ከሥራቸው ቀና አሉ፣ ልብስ የሚያጥቡትም ሴቶች ቆሙ። መጀመሪያ ብቻዬን ልሞክረው ብዬ ወጣሁበትና በቀርቀሃው መቅዘፊያ ገፋሁ። እንዴት እንደተንሳፈፈ! ዞር ብዬ ለአባቴ እጄን አወዛወዝኩለት።

እጄን ሳላወርድ ከሥሬ ላላ አለ። ማሰሪያዎቹ አንድ በአንድ ተፈቱ፣ ነዶው ተከፈተ፣ እኔም በመካከሉ ቁልቁል ገባሁ። ውሃው ደረቴ ድረስ ነው፣ መስጠምስ አልሰጠምኩም። ደንገሉ ግን እንደ ተበተነ ከብት በየአቅጣጫው ሄደ።

«ሙሽራዋ መቀነቷን ፈታች!» አሉ ሽማግሌው ከዳር። ሴቶቹም ሣቁ። እኔ እያለቀስኩ ደንገሌን ለቀምኩ፤ ፊቴ ቀድሞም ርጥብ ስለነበር ማልቀሴን ማንም አላወቀብኝም።

ቤት ገብቼ እናቴ አጠገብ ኩርምት አልኩ። እሷ ስፌቷን ይዛ ተቀምጣለች። አክርማዋን ከጣሳ ውሃ ታወጣለች፣ ትሰፋለች፣ ሌላውን ትነክራለች። ሳያት ሳያት ብድግ አልኩ።

«እምዬ! ልጡን አላራስኩትም!»

«ምን?»

«ልጡን! በደረቁ ነው ያሰርኩት!»

አክርማ በደረቁ ቢሰፉበት አይጠብቅም፤ ርሶ ከተሰፋ ግን ሲደርቅ ጨምድዶ ይይዛል። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ሳላርስ የሰፋሁበት ቀን የለም። ታንኳ የወንድ ሥራ ነው ስላሉኝ ግን እጄ የሚያውቀውን ሁሉ ቤት ትቼ ወጥቼ ነበር።

አባቴ ሰምቶ ራሱን ያዘ። «ሳታርሺው? ልጄ፣ ይህንንማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል ብዬ ነው ያልጠየቅሁሽ!» እጁ ከተሰበረ ወዲህ ያን ቀን ነው ከልቡ ሲሥቅ የሰማሁት።

የቀረኝ ጊዜ ትንሽ ነው። ደንገሉን እንደገና ለሁለት ቀን አሰጣሁት፤ የጥር ፀሐይ አላሳፈረችኝም። ልጡን ሐይቁ ዳር ድንጋይ ጭኜ ዘፈዘፍኩት። ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ማንም አላስተማረኝም፣ ይህን ስጽፍ አላፍርም። ወንዶቹ ማሰሪያውን አራርቀው ያስራሉ። ነዶው እንዳይጎብጥ ደንገል ላይ ደንገል ይጨምሩበታል፤ ለዚህ ነው ታንኳቸው የሚከብደው። ስፌት ግን ጥንካሬው ከማጠባበቁ ነው። እኔም ነዶዬን አቅጥኜ ማሰሪያውን በየስንዝሩ አደረግሁት። እናቴ የልጡን አንድ ጫፍ ይዛ ተረከዟን መሬት ተክላ ትጎትታለች፣ ሌላውን እኔ። አባቴ ዙሪያችንን ይንቆራጠጣል።

«ልጡን አበዛሽው። ደንገሉን አሳነስሽው።»

«ስፌት እንዲህ ነው፣ አባባ።»

«ጉማሬ ስፌት አይፈራም እኮ!»

«ሽማግሌው ያሰሩትንስ መቼ ፈራ?»

እናቴ ሣቋን አፈነች። አባቴ ሄዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የከተራ ዕለት ጨረስን። ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ ሥራ የለም፤ እኛ ታቦት ስንሸኝ ታንኳዬ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆማ ነበር። ስመለስ ልጡ ደርቆ ደንገሉን ነክሶ ይዞታል። በጣቴ ብመታት እንደ ከበሮ ድም አለች።

የቃና ዘገሊላ ማግሥት ማለዳ፣ ሐይቁ ሳይነቃነቅ፣ አባቴና እኔ ወጣን። እሱ ከኋላ ተቀመጠ፣ እኔ ቀዘፍኩ። ዓይኔ ከማሰሪያው አይነሣም፤ አንዱ ይላላ እንደሆን እያልኩ እያንዳንዱን አያለሁ። አልላላም። ደሴቲቱ ደረስን፣ መረብ ጣልን፣ ቀኑ ሞቅ ሲል አነሣን። ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ሁለት ቅርጫት ሞላ፣ አንድ ትልቅ አምባዛም ነበረበት። ያን ሁሉ ጭነን ስንመለስ አባቴ አንድ ነገር ብቻ አለ፤ «መቀመጫዬ አልረጠበም።»

ገና ቀሪ ነገር ነበረ። ዳር ደርሰን ዓሣውን ካራገፍን በኋላ፣ ልረዳው እጄን ስዘረጋ፣ «ተይኝ» አለኝ። በቀኝ እጁ የታንኳዋን አፍንጫ ያዘ። ጎተተ። ትከሻውን ከሥሯ አገባ፣ አንዴ አቃሰተ፣ ታንኳዬ ቀጥ ብላ ቆመች! ውሃዋ እግሩ ላይ ሲወርድ ዞሮ አየኝ። እኔ ፊቱን ለማየት ዓይኔን መጥረግ ነበረብኝ።

ሽማግሌው ሥራቸውን ትተው መጡ። ታንኳዋን ዞሯት። ጎንበስ ብለው በአውራ ጣታቸው በየማሰሪያው መካከል ይጫኑ ጀመር፣ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን።

አባቴ፣ «አያ፣ ምነው ዝም አሉ?» አላቸው።

«ጣቴን የማስገባበት ቦታ እየፈለግሁ ነው» አሉ።

አላገኙም። እኔን እያዩ በዱላቸው ሁለት ጊዜ መሬቱን መቱና ሄዱ። አባቴ በዚያው ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ቤት ተጣራ፤ «አንቺ! የልጅቱን ስንቅ አዘጋጂ፣ ሰኞ ትወጣለች!»

ሰኞ ወጣሁ። አሁን ይህን የምጽፈው ጎንደር ሆኜ ነው፤ ነገም ትምህርት ቤት ነኝ።

እናንተ ደግሞ ለትንሣኤ ኑ። ከአዘዞ የጎርጎራን መንገድ ይዛችሁ ውረዱና ሐይቁ ዳር ስትደርሱ «ታንኳ ያሰረችው ልጅ ቤቷ የት ነው?» በሉ፣ ያሳዩዋችኋል። መዋኘት የማትችሉም አትፍሩ፣ ከፊቴ አስቀምጬ ራሴ እቀዝፋለሁ። እናንተ ስፌት የምታውቁ ልጆች ግን ባዶ እጃችሁን እንዳትመጡ። ማጭድ ያዙ። ደንገሉ እንደሆነ ሐይቁን ሞልቶታል፣ የሚከለክለን የለም፤ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ እናስራለን።