የኋላው ቤት ግብር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኋቸውም። ሌላ ሌላውን ነግሬያቸዋለሁ፤ ጾም መግደፌን፣ በታናሽ እህቴ ሠርግ ቀን መቅናቴን፣ እናቴን መቆጣቴን። ስግደት አዝዘውኝ ሰግጃለሁ። ይህ አንዱ ግን ምላሴ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ለምን እንደሚመለስ ወደ በኋላ ይገባችኋል። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ ስለዚህ ለእናንተ ልናገር።

የሰው ቤት አስወስጃለሁ። ጉቦ አልበላሁም፣ ፊርማ አላስመሰልሁም። መናገር በማይገባኝ ቀን ተናገርሁ፤ መናገር በሚገባኝ ቀን ዝም አልሁ። በዚህ ብቻ አስወሰድሁት።

እትዬ ፋናዬ ደባርቅ ከመናኸሪያው ጀርባ ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው በሊማሊሞ ሲወጡና ሲወርዱ ዕድሜያቸውን የጨረሱ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። ሲሞቱ መንገድ ዳር ያለውን ቤትና ከግቢው ጀርባ ያለችውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ትተውላቸዋል። ልጅ አልወለዱም። የሚተዳደሩት በኋላው ቤት ኪራይ ነበር፤ ተከራዮቹም እኛ ነበርን፣ ከገጠር ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የምንመጣ ልጆች። እኔ የመጣሁት ከበየዳ ነው። አባቴ በበቅሎ የሚያመጣልኝ ስንቅ ሲያልቅ እትዬ ፋናዬ በሩን ቆርቆር አድርገው፣ "ውቤ፣ ነይ ወጡን ቅመሽልኝ፤ ጨው በዝቶበት እንደሆነ ንገሪኝ" ይሉኛል። ጨው በዝቶበት አያውቅም። ስቀምስ አጥግበው ይሸኙኛል። ስሜ ሲጠራ የምደነግጥ፣ ሰው ፊት መጉረስ የሚያሳፍረኝ ልጅ መሆኔን አውቀው ነው እንዲያ የሚያደርጉት።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በአካውንቲንግ ተመረቅሁ፤ ሥራ ግን አጣሁ። ዲግሪ ይዤ በየዳ ገብቼ መቀመጥ አሳፈረኝ። እትዬ ፋናዬ ከሁለቱ ክፍሎች አንዱን ለቀቁልኝ። ኪራይ አልተቀበሉኝም።

ከሚሌኒየሙ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። የከተማው ቤት ሁሉ እንደገና ሊገመት ነው ተባለ። ገማቾች ቤት ለቤት እየዞሩ ስፋቱን ይለካሉ፤ ግድግዳው ጭቃ ይሁን ብሎኬት፣ ቦታው ለአስፋልቱ ይቅረብ ይራቅ፣ ባለቤቱ ይኑርበት ወይም ይከራይ ይመዘግባሉ። ከዚያ ቤቱ በዓመት ስንት ሊከራይ እንደሚችል ይገምታሉ። የጣሪያ ግብሩ የሚሰላው ከዚያ ግምት ላይ ነው። እትዬ ፋናዬ የሚያውቁት ግብሩ ሊጨምር መሆኑን ብቻ ነበር።

"አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስኪ ሄደሽ እይልኝ" አሉኝ።

ሄድሁ። የዚያን ቀን ደስታዬ አሁንም ያሳፍረኛል። ግብር ቢሮው ውስጥ ማህደራቸው ወጣልኝ፣ ሠንጠረዡን ተመለከትሁ፣ ከሠራተኛው ጋር ቆሜ አሰላሁ። ሁለቱም ቤቶች የተመዘገቡት በእሳቸው ስም ነው፤ ስለዚህ ግምታቸው ይደመራል። ግምቱ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ከመቶ የሚታሰበው አብሮ ከፍ ይላል። ሁለቱ ቤቶች በሁለት ሰው ስም ቢሆኑ ግን ሁለቱም ዝቅተኛው እርከን ላይ ይቀሩ ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም። ራሴ አየሁት። ከተመረቅሁ ጀምሮ ዲግሪዬ ለአንድ ነገር የጠቀመኝ ያን ቀን ነበር፤ ቤት እስክደርስ ድረስ እየሮጥሁ ነው የሄድሁት ማለት ይቻላል።

"የኋላውን ቤት የአቶ ጌጤ ነው ብንልስ?" አልኋቸው።

አቶ ጌጤ የሟቹ ባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ናቸው። እህል ነጋዴ ናቸው፤ በዓል በመጣ ቁጥር ጠያቂ፣ ያኔ ክፉ ስም የሌላቸው ሰው።

"ቤቱ የእኔ አይደለም ወይ፣ ልጄ? ቁሜ እያለሁ የሰው ነው ልበል?"

"ለግብሩ ብቻ እኮ ነው፣ እትዬ። ግብር መክፈል የቤት ባለቤት አያደርግም። ተምረነዋል።"

"ተምራችሁታል?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ከተማራችሁት ምን እላለሁ" አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ገማቾች በሚመጡበት ቀን ሰፈሩ በሙሉ ይደኸያል። ቴሌቪዥኑ አልጋ ሥር ይገባል፣ ሶፋው አሮጌ ጋቢ ይለብሳል፣ ተከራዮች በአንድ ጊዜ የእህት ልጆች ይሆናሉ። ማንም እንደ ኃጢአት አይቆጥረውም። እትዬ ፋናዬ ግን ውሸት አይሆንላቸውም። ሰዎቹ ገና ግቢ ሲገቡ ፊታቸውን ላብ አጠመቀው። ገማቹ ሜትሩን እየዘረጋ፣ "ይህ የኋላውስ የማን ነው?" ሲላቸው ወደ እኔ ዞሩ።

እኔ መለስሁ። ሰው ፊት አፌን የማልከፍተው እኔ፣ "የአቶ ጌጤ ነው፤ የባለቤታቸው ወንድም ናቸው" አልሁ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ገማቹ ሳቀ። "እዚህ ሰፈር ሁሉም ቤት የሌላ ሰው ነው። ባለቤቶቹ ራስ ዳሽን ላይ ነው እንዴ የሚኖሩት?"

"ጻፍና እንሂድ፣ ጉሙ ሳይሸፍነን" አለው ጓደኛው። ጻፈ።

ሲወጡ እትዬ ፋናዬ፣ "ይህ አፍሽ እስከ ዛሬ የት ተደብቆ ኖሯል?" ብለው ሳቁብኝ። ኮራሁ። እኔ የሰው ቤት በሰው ስም አስጽፌ ኮራሁ።

ግብሩ ቀነሰ። ያተረፍሁላቸው ገንዘብ አንዲት ዶሮ የሚገዛ አልነበረም። አቶ ጌጤ በየዓመቱ ብሩን ከእትዬ ፋናዬ ይቀበላሉ፣ ሄደው ይከፍላሉ፣ ደረሰኙ በስማቸው ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ደረሰኙን አምጥተው ይሰጧቸው ነበር። ቆይቶ ኪሳቸው ውስጥ መቅረት ጀመረ። ይህን አይቻለሁ። "ደረሰኙን ይስጧቸው እንጂ" ለማለት ምን ያህል ድፍረት ይጠይቃል? ለመዋሸት የደፈርሁ ሰው ለዚህ አፈርሁ። ለራሴም ዓይናፋር ስለሆንሁ ነው አልሁት።

በዚህ መካከል ሥራ አገኘሁ፤ ያውም ግብር በሚሰበሰብበት ቢሮ። ሰው "ለምን ይህን ያህል መጣብኝ?" ብሎ ሲመጣ ማህደሩን አውጥቼ ግምቱ እንዴት እንደተሠራ ማስረዳት የእኔ ሥራ ሆነ። ሁለት ወንድሞቼን ከበየዳ አምጥቼ ማስተማር ጀመርሁ። ሌላ ቤት ተከራይቼ ከእትዬ ፋናዬ ግቢ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ነው አሮጌ ቤት ይዘው ካርታ የሌላቸው ሰዎች ካርታ ያውጡ የተባለው። የእትዬ ፋናዬ ቤቶች ካርታ አልነበራቸውም። ካርታ ለማውጣት ከሚጠየቁት ማስረጃዎች አንዱ በስም የተከፈለ የግብር ደረሰኝ ነው። ግብር መክፈል ባለቤት አያደርግም ብዬ ነበር። ካርታ በሌለበት ሰፈር ታዲያ ሰው ባለቤትነቱን በምን ያሳያል? ይህን ሳልጠይቅ ነው የመከርኋቸው። የተማርሁትን ነገርኋቸው፤ የምኖርበትን ከተማ ግን አላሰብሁትም።

አቶ ጌጤ ለኋላው ቤት በስማቸው ካርታ ጠየቁ። ወደ ተራራው የሚሄዱ ቱሪስቶች በዝተው የመናኸሪያው አካባቢ ቦታ ተወድዶ ነበር። "ወንድሜ ያን ቤት ሲሠራ ገንዘቡ የእኔ ነው፤ ለዚህም ነው ከእሳቸው ስም ወደ እኔ ስም የዞረው" አሉ። እትዬ ፋናዬ መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽማግሌ ይለቅ ተባለ። ሁለቱም ሽማግሌ የሚለውን እንቀበላለን ብለው ቃል ሰጡ። በዋዜማው እትዬ ፋናዬ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ወረፋ ይዘው፣ ተራቸውን ጠብቀው ነው የገቡት።

"አንቺ ታውቂዋለሽ። እንደነበረው ትነግሪልኛለሽ" አሉኝ።

"እሺ፣ እትዬ" አልሁ።

እሺ ብያለሁ። ያን ጊዜ ከልቤ ነበር። ግን ከወጡ በኋላ ማሰብ ጀመርሁ። እንደነበረው ልናገር ማለት፣ ለገማቾች ውሸት የተናገርሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። ግብር የሚያስከፍል ቢሮ ውስጥ የተቀመጠችው፣ ሰዎችን "የቤታችሁን እውነት ተናገሩ" የምትለው እኔ። አለቃዬ ቢሰማስ? ወንድሞቼስ? ማንም አላስፈራራኝም። ማንም አልደለለኝም። ብቻዬን ፈራሁ፣ ብቻዬን ወሰንሁ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከጥዱ ዛፍ ሥር ነው። በመካከል የተቀመጡት የንስሐ አባቴ ነበሩ። አሁን ገባችሁ? አቶ ጌጤ ደረሰኞቻቸውን አንድ በአንድ ዘረጉ። የንስሐ አባቴ አገላብጠው አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ሥራሽም ይኸው ነው። መዝገቡ ቤቱ የማን ነው ይላል?"

"መዝገቡ የአቶ ጌጤ ነው ይላል" አልሁ።

"ሌላ የምትጨምሪው አለሽ?"

"የለኝም፣ አባቴ።"

መዝገቡ እንዲያ ይላል፤ እውነት ነው። ግን መዝገቡን እንዲያ ያሰኘሁት እኔ አይደለሁም? ራሴ አስጽፌ፣ ራሴ መሰከርሁበት። በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። ሌላ የምትጨምሪው አለሽ ተብዬ ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠየቅ ሰው ስንት ነው? እኔ ተጠየቅሁ፣ እኔም የለኝም አልሁ።

እትዬ ፋናዬ አዩኝ። "ይህቺ ናት የመከረችኝ" ቢሉ ያበቃልኝ ነበር። አፋቸውን ከፈት አደረጉት። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ "ልጂቱ እዚያው ግቢ ስትኖር ያየችው የለም ወይ?" ብሎ ሲጠይቅ እትዬ ፋናዬ አቋረጡት።

"ልጅቷን አታስጨንቋት" አሉ። "ዓይናፋር ናት።"

ቤታቸውን ከእንጀራዬ ጋር መዝነው እንጀራዬን መረጡልኝ። እኔ ያን ያህል ጊዜ ስደበቅበት የኖርሁትን ዓይናፋርነት አንሥተው በሰው ፊት አለበሱኝ። ያን ጊዜ እንኳ መነሣት እችል ነበር። አልተነሣሁም። መሬት መሬቱን እያየሁ ተቀመጥሁ፤ የሚያየኝ ሁሉ አፍራ ነው አለ።

ሽማግሌዎቹ የኋላውን ቤት ለአቶ ጌጤ ፈረዱ። እትዬ ፋናዬ ተከራይ ሲያጡ የሚበሉት አጡ። ውለው አድረው የፊተኛውንም ቤት ለአቶ ጌጤ ሸጡላቸውና ዳባት እህታቸው ዘንድ ገቡ። አቶ ጌጤ ሁለቱንም አፍርሰው ለእንግዶች ማረፊያ ፎቅ ሠሩ።

አንድ ጊዜ ዳባት ገበያ ላይ ተገናኘን። መሸሽ ፈልጌ ነበር፤ ቀድመው አዩኝ። ጉንጬን ይዘው፣ "ከስተሻል፣ ውቤ። ሥራው በዛብሽ እንዴ?" አሉኝ። "ነይ እህቴ ቤት፣ ወጥ ሠርቻለሁ፣ ቅመሽልኝ።" መኪናው ጥሎኝ ይሄዳል አልሁ። መኪናው ገና ሰው እየጠራ ነበር። እሳቸውም ይሰሙት ነበር።

የዚያን ፎቅ ማህደር የያዝሁት እኔ ነኝ። በቀደም አቶ ጌጤ ግምቱ በዛብኝ ብለው መጡ። ወንበር አቀረብሁላቸው። ስፋቱን፣ የቦታውን ደረጃ፣ የክፍሎቹን ኪራይ እያሳየሁ በትሕትና አስረዳኋቸው። አልተከራከሩም። "አንቺ ልጅ፣ ጥሩ አድርገሽ ታስረጂያለሽ" ብለው መርቀውኝ ወጡ። እኔም አሜን አልሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ቤቱ የእናንተ አልነበረም። ዳባት ሄጄ እግራቸው ላይ ብወድቅ ወጡን እንደሚያቀምሱኝ ሁሉ እንዳላፍር ብለው ቶሎ ይቅር እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ያልሄድሁትም ለዚህ ነው፤ ይቅርታቸውንም እንደ ክፍሉ ያለ ኪራይ እንዳልወስድባቸው። ወይም ይህም ሌላ ሰበብ ነው፤ ሰበብ መፈለግ እችልበታለሁ።

የንስሐ አባቴ ሌላ የምትጨምሪው አለሽ ብለውኝ ነበር። ይኸው ጨመርሁ። ቤቱ ግን ፈርሷል።