ወንዙን አሻግሬያታለሁ ያልኳት እፉኝት

የምኖረው ሆሳዕና ነው፤ የማስተምረው ባዮሎጂ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌሞ ገጠር ወዳለው ታናሽ ወንድሜ ቤት እወርዳለሁ። አባታችን የተወልን እንሰት እዚያ ነው፤ የሚለፉበት ግን ወንድሜና ሚስቱ ናቸው። እኔ የምሄደው ለመብላትና ምክር ለመስጠት ነው።

የዚያን ቅዳሜ ስደርስ ወንድሜ ከበረቱ ጀርባ ዶማ አንስቶ ቆሟል። ፊት ለፊቱ እፉኝት ተጠቅልላ ፀሐይ ትሞቃለች፤ ወፍራም፣ አጭር፣ አፈር የመሰለች። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ በር ላይ ሆና "ግደላት እንጂ፣ ምን ታያታለህ?" ትላለች።

"ተው!" አልኩት። አይጥ እንሰቱን ከሥሩ እየበላ ሲያደርቅበት፣ አይጥ የምታድንለትን ፍጡር ሊገድል መሆኑን አስረዳሁት። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የምለው ነው። ወንድሜ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ያቋረጠው እኔ እንድማር ብሎ ነው፤ ስለዚህ እኔ ስናገር ይሰማኛል። ዶማውን አወረደ።

"እሺ ጋሼ፣ ታዲያ ምን ይሁን?" አለኝ።

እዚህ ላይ አፌን ብይዝ ምን ነበረበት? "ራቅ አድርጌ እጥላታለሁ" አልኩ። በረጅም እንጨት እየገፋሁ የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ አስገባኋት፤ ልጆቹ አጨበጨቡልኝ። ጆንያውን እንጨቱ ጫፍ ላይ አንጠልጥዬ ወደ ወንዙ አመራሁ። ሐሳቤ ወንዙን ተሻግሬ ቁጥቋጦ ውስጥ ልለቃት ነበር። ገና እንሰቱን አቋርጬ ሳልጨርስ ጆንያው ውስጥ ፉ እያለች መተንፈስ ጀመረች፤ አየሩ የሚወጣ ጎማ ነው የሚመስለው። ክንዴ ዛለ ልል እችላለሁ። ክንዴ አይደለም፤ ፈራሁ። ከእንሰቱ ታችኛው ጫፍ የደረቀ ቅጠል ተቆልሎ አየሁና ማንም የማይደርስበት ቦታ መሰለኝ። ጆንያውን እዚያ ገልብጬ ሮጥኩ።

ስመለስ ወንድሜ "የት ጣሏት?" አለኝ።

"ወንዙን አሻግሬ" አልኩት። ልጆቹ እያዩኝ ነበር። ምሳ ቀረበ፤ በላሁ።

በእኛ አገር እንሰት የሚፋቅበትና ቆጮ እንዲብላላ የሚቀበርበት ቦታ የሴቶች ነው፤ ወንድ አይጠጋውም። እዚያው ተወልጄ አድጌ፣ የደረቀ ቅጠል ክምር የተጣለ ይሁን የቆጮ ጉድጓድ ክዳን ለይቼ አላውቅም። የወንድሜ ሚስት ታውቃለች፤ ጉድጓዱ የእሷ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ለገበያ ቆጮ ልታወጣ ክዳኑን ስታነሳ እፉኝቷ ቀኝ እጇን ነደፈቻት።

ጎረቤቶች ክንዷን በጨርቅ ጥብቅ አድርገው አስረው፣ እስከ አስፋልቱ በፈረስ ጋሪ፣ ከዚያ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሷት። ተደውሎልኝ ከክፍል ወጥቼ ስደርስ እጇ ጠቁሯል፤ ክንዷ እስከ ትከሻዋ አብጧል። ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፉ። ሦስት ጣቶቿ ተቆረጡ፤ የቀሩት ሁለቱ አይታጠፉም።

እንሰት በአንድ እጅ አይፋቅም። የእኛ አገር ሴት ጓዳዋ የሚሞላው፣ ከሴቶችም ተርታ የምትቆጠረው በዚህ ሥራ ነው። አሁን የጎረቤት ሴቶች በየተራ እየመጡ ይፍቁላታል፤ እሷ ዳር ተቀምጣ ታያለች። እነሱ የመጡ ቀን ቀና ብላ ሰው አታናግርም።

ልናገር ብዬ ስንት ቅዳሜ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ ቃሉን ሳዘጋጅ እሄዳለሁ፤ ወንድሜ ገና ሲያየኝ ከወንበሩ ይነሳልኛል፤ እኔም ስለ ከብቶቹ እጠይቀዋለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እኔን የሚያስበረግገኝ ወንድሜ "ጋሼ" ሲለኝ ነው። ክፍል ውስጥም ስለ እባብ ማስተማር ትቻለሁ፤ ገጹን እዘለዋለሁ። መውጫው አይታየኝም። ብናገር ወንድሜን አጣዋለሁ። ዝም ብልም አጥቼዋለሁ፤ እሱ አላወቀም እንጂ።

ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜ ከብቶቹን ሊያስገባ ወጥቶ ከሚስቱ ጋር ለብቻችን ቀረን። አሁን ነው ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

"ያቺ ያን ቅዳሜ በጆንያ የወሰድኳት እፉኝት..." ብዬ ጀመርኩ።

አላስጨረሰችኝም። በግራ እጇ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

"ያቺንማ እርስዎ ባያርቁልን ኖሮ፣ ሁለት ሆነው ልጆቼን ይጨርሱብኝ ነበር" አለችኝ። "ስጸልይ አንድም ቀን ረስቼዎት አላውቅም። ጌታ ይባርክዎት፣ ጋሼ።"

"አሜን" አልኳት።