ባለስም ዝግባዎች

ሮማነወርቅ አምቦ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ባዮሎጂ አስተምራ ጡረታ ስትወጣ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጥላ። ከቤቷ በታች ካለው የባጃጅ መጠበቂያ እናቶች ሕፃን አዝለው፣ ሽማግሌዎች ኮፍያቸውን ግንባራቸው ላይ ደፍተው በጠራራ ፀሐይ ሲቆሙ ስታይ ኖራለች። ከመጠበቂያው ጀርባ ሰፈሩ ቆሻሻ የሚደፋበት ባዶ መሬት አለ። እዚያ ዝግባ ይብቀል አለች። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርስልሻል ያሏት ነበሩ፤ ሌላውን ሁሉ ስትሰማ ይህን ግን አልሰማችም።

መሬት ለማኅበር እንጂ ለአንድ ሰው አይሰጥም ስለተባለ የሰፈሩ የአትክልት ማኅበር ተቋቋመ። አባላቱ አሥራ አንድ ናቸው። ከአሥራ አንዱ ውሃ የሚያጠጡት እሷና የማኅበሩ ጸሐፊ የሆነችው የድሮ ተማሪዋ ዱሬቲ ብቻ ናቸው። የቀሩት ዘጠኙ ስብሰባ ይወዳሉ። ሊቀመንበሩ ኦቦ ሌንጂሳ ክፋት የማያውቅ ሰው ነው፤ ግን ዶማ ከሚይዝ ማይክ ቢይዝ ይመርጣል። አንድ ሙሉ ቅዳሜ የማኅበሩ ቲሸርት ኮሌታ ይኑረው አይኑረው በሚል ክርክር አልቋል። ችግኞቹ የዚያን ቀን ውሃ ሳያገኙ ዋሉ።

የመጀመሪያው ተከላ በ2011 ክረምት ነበር፤ ከአንድ መሥሪያ ቤት አሥራ ስምንት እንግዶች መጥተው አሥራ ስምንት ዝግባ ተከሉ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ። በነጋታው ፍየሎች መጡ። ሮማነወርቅ ብትጮህም ብትለምንም የሚሰማት ስታጣ ዘዴ ዘየደች። በየችግኙ ሥር ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ አቆመችና የተከለውን እንግዳ ስም ከነሥልጣኑ ጻፈችበት። የባለሥልጣን ዛፍ ማን ይደፍራል? ባለፍየሎቹ መንጋቸውን ወደ ማዶ መንዳት ጀመሩ። እሷም ሦስት በጋ ሙሉ ከሁሉቃ ወንዝ በጄሪካን ውሃ እያመላለሰች አጠጣች። ዝግባዎቹ ወገቧ ደረሱ።

በ2014 ሐምሌ ሌላ ደብዳቤ መጣ። አሁንም አሥራ ስምንት እንግዶች፣ ስማቸው ተዘርዝሮ፣ ቅዳሜ ችግኝ ይተክላሉ ይላል። ኦቦ ሌንጂሳ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ።

«አዴ ሮማነወርቅ፣ እነዚህ ሰሌዳው ላይ ያሉት ሰዎች እኮ ሁሉም ከቦታቸው ተነሥተዋል» አለ። «አዲሶቹ መጥተው የድሮዎቹን ስም ሲያነቡ ምን ይሉናል?»

«ሰሌዳውን እናንሣዋ! ዛፉ ምን አደረገ?»

«እሺ፣ እነሱስ የት ይተክላሉ?»

«ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ዳገት ራቁቱን ነው።»

«ማሎ፣ እባክዎ! እዚያ እኮ መኪና አይገባም!»

ድምፅ ተሰጠ። ዘጠኝ ለሁለት። ዝግባዎቹ ዓርብ ተነቅለው ቦታው ለእንግዶቹ ይዘጋጅ ተባለ። ሮማነወርቅ ደሟ ፈላ። «ዓርብ እኔው አዘጋጀዋለሁ» ስትል ግን ሁሉም እፎይ አሉ። መቆፈር የሚወድ አልነበረማ።

ዓርብ ከሰዓት የእንግዶቹን ዝርዝር ከዱሬቲ ተቀብላ የድሮዎቹን ሰሌዳዎች ነቀለች። በምትካቸው አዳዲስ ሰሌዳ አቆመች፤ የነገዎቹን እንግዶች ስም፣ በዚያ በሚታወቅ የጥቁር ሰሌዳ ጽሕፈቷ። ወገብ የሚደርስ ዛፍ በስሙ ቆሞ ያገኘ ሰው ምን ብሎ ይተክላል? ፎቶውን ተነሥቶ ይሄዳል፣ ዛፉም ይተርፋል።

«ቲቸር፣ ቢቆጡስ?» አለች ዱሬቲ።

«የራሱን ስም አንብቦ የተቆጣ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ እንግዶቹ በሦስት መኪና መጡ። ኦቦ ሌንጂሳ ዛፎቹ እንደቆሙ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። የቡድኑ መሪ ግን ሰሌዳውን ጎንበስ ብለው አነበቡ።

«ይሄ የኔ ነው?»

«የእርስዎ ነው» አለች ሮማነወርቅ።

«ባዬ ጋሪዳ፣ በጣም ጥሩ ነው! ኑ እስቲ፣ ለሁላችንም አዘጋጅተውልናል!»

እንግዶቹ እየተሳሳቁ ስማቸውን መፈለግ ያዙ። ሮማነወርቅ ለቅጽበት ያህል ያሸነፈች መሰላት።

ያኔ ካሜራ ይዞ አብሯቸው የመጣው ሰውዬ ራሱን እያከከ «ክቡርነትዎ፣ ተተክሎ የቆመ ነገር ቪዲዮ ላይ አያምርም» አለ። «ነቀል አድርገው መልሰው ቢተክሉትስ?»

ኦቦ ሌንጂሳ አካፋ ይዞ ሮጠ።

«ኧረ አይነቀልም! ሥሩ ይበጠሳል!» ብላ ጮኸች።

«አይዞዎት እናቴ፣ ቀስ ብለን ነው» አሏት መሪው፣ ከልባቸው። አካፋው ገባ። ሦስት ዓመት ወደ ታች የወረደው ሥር ቋ ሲል ሰማችው። እሳቸው ዛፉን ወደ ካሜራው ከፍ አድርገው አሳዩና መልሰው አስገቡት፤ አፈሩንም በጫማቸው ጠቀጠቁ። ተጨበጨበ። ሁለተኛው እንግዳ ካሜራው እንዳያመልጠው ቸኮለ፣ ሦስተኛውም። የሰው ዛፍ የነካ የለም። እያንዳንዱ ስሙን ፈልጎ የራሱን ነቀለ። ለአሥራ ስምንቱም ዝግባ ነቃዩን የመደበችው እሷ ናት፤ ማንን ትቆጣ?

ሲጠናቀቅ ኦቦ ሌንጂሳ ማይኩን ይዞ ይህን ድንቅ ሐሳብ ያመነጩት አዴ ሮማነወርቅ መሆናቸውን አበሠረ። እንደገና ተጨበጨበ።

ዝናብ እየዘነበ እንኳ ውሃ አጠጣች። ዱሬቲ «ቲቸር፣ ይበቃል» እስክትላት ድረስ። ቅጠሎቹ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡኒ ሆኑ። ነሐሴ ሲያልቅ ከአሥራ ስምንቱ አንድም አልተረፈም።

ኦቦ ሌንጂሳ ባጃጅ ስትጠብቅ አግኝቷት አጠገቧ ቆመ። ከልቡ አዝኗል።

«አይክፋዎት፣ አዴ። ለከርሞ እንደገና እንተክላለን።»

«ዝግባ ለሰው የሚበቃ ጥላ እስኪኖረው ስንት ዓመት ይፈጃል ብለው ነው?»

«ስንት?»

«ቢያንስ ሃያ።» ባጃጁ መጥቶ ቆመ። «እኔ ደግሞ ስልሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ኦቦ ሌንጂሳ» አለችው።