ጠፍቷል የሚሉት ሰው

ጋሽ ሴኮንድ የሚለውን ቅጽል ማን እንዳወጣላቸው እስካሁን ያጨቃጭቃል። ሦስት ሰዎች «እኔ ነኝ» ይላሉ፤ አንደኛው ስሙ ሲወጣ ገና አልተወለደም ነበር። ሰውየው ሰዓት ሠሪ ናቸው። ሱቃቸው በመድኃኒት ቤቱና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መሀል የተሰነቀረ፣ ደንበኛ ሲገባ እሳቸው ጉልበታቸውን ሰብስበው ቦታ የሚለቁበት ጠባብ ክፍል ነው። ከምሽቱ ስንት ሰዓት እንደሚዘጉ ከጠየቋቸው ደቂቃውን ጭምር ይነግሩዎታል፤ በዚያችው ደቂቃም ይዘጋሉ፣ እርስዎ ውስጥ ቢሆኑም እንኳ።

እሑድ እሑድ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ከከተማው ዳር ያለው ገላጣ ሜዳ ላይ አውራ ጣት በሚያህል ሮኬት የሚበርሩ ትንንሽ አውሮፕላኖችን የሚያወዳድር ክበብ አለ። አውሮፕላኖቹ ባልሳ ከሚባል፣ ከላባ እምብዛም ከማይከብድ እንጨትና ከስስ ወረቀት የሚሠሩ ናቸው። ገመድ የላቸውም፣ ከሩቅ የሚያዝዛቸው መሣሪያ የላቸውም፤ አንዴ ከእጅ ከወጡ ወደ ወሰዳቸው ነው። ሮኬቱ አሥር አሥራ ሁለት ሴኮንድ ይነድዳል፣ ከዚያ በኋላ አውሮፕላኑ በነፋሱ ቸርነት ይንሳፈፋል።

የክበቡን ደንብ የጻፉት እሳቸው ናቸው። አሥራ ሁለት አንቀጽ፣ በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ፣ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በላስቲክ የታሸገ። አውሮፕላኑ ቆሞ ከሚወረውር ሰው እጅ ብቻ ይነሳል፤ ተንደርድሮ ወይም ዘሎ መወርወር የለም። ሮኬቱ መንገድ ላይ ወድቆ ከቀረ ውጤቱ ዜሮ ነው። አሸናፊውም ብዙ የቆየው አይደለም። አውሮፕላኑ አየር ላይ የቆየበት ጊዜ ሮኬቱ ለነደደበት ጊዜ ይካፈላል፤ በትንሽ እሳት ብዙ የበረረ እሱ ነው ባለድሉ። ሰዓት ያዡም እሳቸው ናቸው፤ ለዚህ ሲሉ ጋሽ ሴኮንድ አንገታቸው ላይ ስቶፕዎች የሚባሉ ሁለት ሴኮንድ ቆጣሪ ሰዓቶች ያንጠለጥላሉ፣ አንዱ ለእሳቱ፣ አንዱ ለበረራው። እሳቱ አለቀ የሚባለውም ጭሱ ሲያልቅ ሳይሆን ድምፁ ሲያልቅ ነው። ጭስ ውሸታም ነው ይላሉ፤ እሳቱ ከሞተ በኋላ ሦስት ሴኮንድ ያህል ይጎተታል።

አንቀጽ ሰባት ግን ሲያነቡትም ደስ አይልም። መለኮሻው ክር ነድዶ ሮኬቱ ካልተነሳ፣ ተወዳዳሪው አውሮፕላኑን ሳር ላይ አስቀምጦ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሰዓት ያዡ ብቻ እስከ አምስት እርምጃ ይጠጋል፤ ጎንበስ ብሎ አንድ ደቂቃ ሙሉ ያዳምጣል። ሮኬቱ ውስጥ ውስጡን እየነደደ ከሆነ ቀጭን ፉጨት ይሰማል፣ ማንም ወደዚያ አይሄድም። ምንም ካልተሰማ «ጠፍቷል» ይላል። ያኔ ተወዳዳሪው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሄዶ ማንሳት አለበት፤ ካላነሳ ከውድድሩ ወጣ። በዚህች አንዲት ቃል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም እጅ ተቃጥሎ አያውቅም።

ነገሩ የተጀመረው አንዲት አስተማሪ ማሰሪያው የተበጠሰ የእጅ ሰዓቷን ያመጣች ጊዜ ነው። ጋሽ ሴኮንድ ሰዓቱን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ራሳቸውን ነቀነቁ። በማግስቱ ስትመለስ ፈትተው፣ አጥበው፣ ዘይት ቀብተው ጠበቋት። «ቆሞ ነበር፣ አስነሳሁልሽ» አሏት። ሰዓቱ ቆሞ አያውቅም። ልጅቷ አመስግና ወጣች፤ ቤቷ እስክትደርስ ግን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፣ በሁለተኛው ቀን ጋሽ ሴኮንድ ጤነኛ ሰው አልጋ ላይ ያስተኛሉ የሚል ቀልድ ወጥቶላቸዋል።

ቀጥሎ የማንቆርቆሪያው ነገር መጣ። ባለቤታቸው ከገበያ ሲመለሱ ማንቆርቆሪያው ውኃውን ጨርሶ ቂጡ ቀልቷል፤ ሰውየው ከእሳቱ አንድ ክንድ ርቀው ጋዜጣ ያነባሉ። ያ ማንቆርቆሪያ ሲፈላ የሚያፏጨው ጎረቤት እስኪያስቀይም ነው። የሰው ንግግር፣ የበር ኳኳታ፣ የመኪና ጩኸት፣ ወፍራሙ ሁሉ ይሰማቸዋል፤ የጠፋባቸው ቀጭን ቀጭኑ ነው።

ሜዳው ላይም ውጤት መውረድ ጀመረ። ስምንት የሚያመጣው ስድስት፣ ስድስት የሚያመጣው አራት ተኩል። ጭሱን እያዩ እሳቱን የሚቆጥሩ ሰው በእያንዳንዱ በረራ ላይ ሦስት ሴኮንድ ይጨምራሉ። እኛ ግን ነዳጁን ሰደብን፤ ነዳጅ አቅራቢው ስሙ ጠፍቶ፣ ሰላምታ የሚሰጠው ሰው እስከማጣት ደረሰ።

ደንቡ በየዓመቱ የሰዓት ያዡ ዓይንና ጆሮ በሊቀመንበሩ ይፈተሽ ይላል። ሊቀመንበሩ ፋርማሲስቱ ነው። ፊት ለፊታቸው ቆሞ፣ መድኃኒት አወሳሰድ በሚያስረዳበት ድምፁ ይሰሙት እንደሆነ ጠየቃቸው። ጋሽ ሴኮንድ ሱቃቸው ቁጭ ብለው የሰፈሩን በሽታ ሁሉ ከእሱ ሲሰሙ እንደሚውሉ ነገሩት። ሁሉም ሳቀ፣ ፈተናው አለፈ።

ያልሳቁት ባለቤታቸው ናቸው። የባለቤታቸው ወንድም አናጢ ነው። እናትና አባታቸው ሲሞቱ ገና ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበር፤ እህቱ ቤት ያደገ፣ ባልሳ መፋቅን ጋሽ ሴኮንድ ጭን ላይ ተቀምጦ የተማረ ሰው ነው። አሁን የክበቡ አንደኛ እሱ ነው። እህቱ የእንጨት ሥራ ቤቱ ድረስ ሄደው መጋዙን አስጠፉትና ቁጭ አሉ።

«ስማኝ አንተ» አሉት፣ «ለማይሰማ ሰው ሁሉም ሮኬት ጠፍቷል።»

አናጢው መጀመሪያ ነገሩን ሊያቃልለው ሞከረ። ኋላ ደግሞ እሺ እነግራቸዋለሁ ብሎ፣ ከጸጉሩ የእንጨት ብናኙን አራግፎ ወደ ሱቁ ሄደ።

«ጋሼ» አላቸው፣ «ዘንድሮ ፀሐዩ ከባድ ነው። ሰዓቱን ለሌላ ሰው ብንሰጠውስ?»

«ለማን? ለፋርማሲስቱ? አውሮፕላኑ አርፎ፣ እኛ ቤታችን ገብተን፣ እሱ ገና ሲያወራ ይገኛል።»

አናጢው ሳቀ። ወዲያው ከጀርባቸው መደርደሪያ ላይ አንድ የጠረጴዛ ሰዓት በቀጭኑ መጮህ ጀመረ። ጋሽ ሴኮንድ ዞር አላሉም። ስለ ነፋሱ፣ ስለ ሳሩ መድረቅ ይናገራሉ። አናጢው በትከሻቸው ላይ እጁን አሻግሮ ሰዓቱን አጠፋው።

«እህትህ ልካህ ነው እንዴ?»

«ኧረ አይደለም ጋሼ። እንዲሁ ሳልፍ ነው።»

እንግዲህ ለሰላም ሲባል የተነገረ ውሸት ይህ ነበር።

የውድድሩ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ትኩስ ነፋስ ይነፍስ ነበር። ሳሩ ተቃጥሎ እንደ ደረቀ ትንባሆ ይሰባበራል። አራት ባልዲ ውኃ ተቀምጧል፤ ከአራቱ አንደኛው ያፈስ ነበርና እኩለ ቀን ላይ ሦስት ሆነ። አናጢው ሁለቱን በረራ በደንብ በረረ። ሦስተኛውን ክር ሲለኩስ ክሩ ነድዶ ቱቦው ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። በደንቡ መሠረት አውሮፕላኑን ሳሩ ላይ አስቀመጠ፣ አሥር እርምጃ ቆጥሮ ሸሸ።

ጋሽ ሴኮንድ አምስት እርምጃ ድረስ ተጠጉ። ጎንበስ አሉ። አንዱን ስቶፕዎች ጫኑ።

ተመልካቹን በሚከልለው ገመድ አጠገብ አሥራ አምስት ሰው ነበርን። ፉጨቱ ይሰማ ነበር። ቀጭን ነው፣ ነፋሱ መጣ ሲል ይጠፋል፣ ነፋሱ ሲያርፍ ይመለሳል። ዓይን ለዓይን ተያየን። ፋርማሲስቱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ወሬ አፉ ውስጥ የማያድርበት ሰው፣ ከዚያ በላይ ግን ምንም አልወጣውም። ሃያ ሁለት ዓመት ያልተሳሳተን ሰው ማን በአደባባይ ተሳስተዋል ይበል፤ ምናልባት እኛ ነን የተሳሳትን፣ ምናልባት ፌንጣ ነው።

ደቂቃው ሞላ። ቀና አሉና «ጠፍቷል» አሉ።

አናጢው ፉጨቱን ሰምቶታል። ፊቱን ያየ ሁሉ ያውቃል። ካልሄደ ለምን አልሄድክም ይባላል፣ መልሱም አንድ ብቻ ነው፤ ያ መልስ ደግሞ ያሳደገውን ሰው እዚያው ሜዳ ላይ ያዋርዳል። ስለዚህ ጎንበስ ብሎ ያልተፈታ የጫማውን ማሰሪያ ፈትቶ አሰረ። ሸሚዙን ሰበሰበ። አንድ እርምጃ ሄደና ላቡን ጠረገ። ሮኬቱ በራሱ ተቃጥሎ እንዲያልቅ ጊዜ ይለምን ነበር። ጋሽ ሴኮንድ ሰዓታቸውን እያዩ ሃያ ሴኮንድ እንደቀረው ነገሩት። አናጢው ፈገግ አለላቸው፣ ሄደ፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ አነሳው።

የወጣው ድምፅ ትልቅ አልነበረም። እሳቱም እንደ ቢላ ቀጭን ነበር። ሁለት ባልዲ ሳሩን ለማጥፋት ዋለ፣ ሦስተኛው ለእጁ።

ፋርማሲስቱ እየጠቀለለለት ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ አናጢው። «ጋሼ ጠፍቷል ሳይሉ ነው የሄድኩት።»

አሥራ አምስት ሰው ቆሞ እያየ የእገዳ ወረቀቱ ተጻፈ፤ ቃሉ ሳይሰጥ የተጠጋ ተወዳዳሪ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። ጋሽ ሴኮንድ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። አናጢውን አዩት፣ አናጢውም በግራ እጁ ብዕሩን አቀበላቸው። ፈረሙ። ባለቤታቸው ያን ቀን ወንድማቸውን ሐኪም ቤት ወስደው፣ ማታ ሲመለሱ ባላቸውን አላናገሩም። ሐኪሙ ከአምስቱ ጣቶች ሁለቱ ከእንግዲህ እንደማይታጠፉ ነግሯቸዋል፤ አናጢ መዶሻ የሚጨብጥባቸው ሁለቱ።

እኛም ለወሬ የማንሰንፍ ሰዎች አንድ ቃል አልተነፈስንም። ስለ ሌላው ሁሉ አወራን። ስለ አስተማሪዋ እጮኛ፣ ስለ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ኪራይ። ስለ ሜዳው ማንም አያነሳም፤ አንዱ ሊያነሳ ሲል ሌላው ሻይ ያዛል።

ከአራት ሳምንት በኋላ ውድድሩ ቀጠለ። ማንም ለማንም ሳይነግር፣ ገመዱ ከወትሮው ራቅ ብሎ ተወጥሯል። አናጢው እጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከተመልካች ጋር ቆሟል። አምስተኛዋ ተወዳዳሪ ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ለኮሰች፣ ክሩ ገባ፣ ሮኬቱ አልተነሳም። አውሮፕላኑን አስቀምጣ ስትሸሽ አሥር እርምጃው አሥራ ስምንት ሆነ።

ጋሽ ሴኮንድ ተጠግተው ጎንበስ አሉ። ደቂቃው ሲሞላ ቀና አሉ፣ ቃሉን ግን አልተናገሩም። ልብስ ሰፊዋን አዩአት፤ ሁለቱን እጆቿን ብብቷ ውስጥ ደብቃለች። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። ፊታችንን አንድ በአንድ፣ የሰዓት ሆድ እንደሚመረምር ሰው፣ ቀስ ብለው ተመለከቱ። አንዳንዱ ጫማውን አየ፣ አንዳንዱ ሰማዩን።

«ይሰማል?» አሉ።

ፋርማሲስቱ ወደ ባልዲዎቹ ዞረ።

«አንተን ነው የምጠይቅህ» አሉ፣ አናጢውን እያዩ። «ያን ቀንም ይሰማ ነበር?»

«ይሰማ ነበር ጋሼ» አለ አናጢው። «አሁንም ይሰማል።»

ጋሽ ሴኮንድ ከአውሮፕላኑ ራቁ። ብዙም ሳይቆይ ሮኬቱ በራሱ ጊዜ ተነሳ፤ አውሮፕላኑ ሳሩ ላይ እየተንከባለለ ነደደ፣ ባልዲ የያዙት ሮጡ። እሳቸው ወደዚያ አላዩም። ሁለቱን ስቶፕዎች ከአንገታቸው አውልቀው፣ ክራቸውን ፈትተው፣ ወደ ገመዱ መጡና ከመካከላችን አንዱ እንዲረከባቸው መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ዘረጉልን።

ፋርማሲስቱ ወደ ኋላ አለ። ልብስ ሰፊዋ ራሷን ነቀነቀች። አሥራ አምስት ሰው ነበርን፣ ጆሯችን ደህና ነው፤ እጁን የዘረጋ ግን አልነበረም።