በኸሊፋ ፎርም ላይ የጻፍኩት

በ1988 ዓ.ም. በጋው ሊያልቅ ሲል፣ አሶሳ ላይ ማንጎ በበሰለበት ሰሞን ያደረግኩትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። እግዚአብሔር ያውቃል። እሱ ማወቁ ግን እኔን ከመናገር አያድነኝም። ስለዚህ እናንተ ስሙኝ።

ነርስ ነበርኩ። ባሌ መምህር ነበር። ከጎጃም ተመድበን አሶሳ ከገባን ዘጠኝ ዓመት ሆኖን ነበር። ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው። የመሥሪያ ቤቶቹ ታፔላ አዲስ፣ በየቢሮው ወንበሩ ከሰው ያነሰ። ልጃችን ዳዊት አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት፣ ቁመቱ ከአባቱ አልፎ፣ የቤታችንን በር ጎንበስ ብሎ ነበር የሚገባው።

የስፖርት መምህሩ አየለ በደርግ ጊዜ ቡልጋሪያ የተማረ ሰው ነው። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ቀዩ አፈር ላይ ሁለት የብረት ምሰሶ ተክሎ፣ ጫፋቸው ላይ ቀለበት አስበይዶ፣ ልጆቹን ቅርጫት ኳስ ያስተምር ነበር። አብሮት የተማረ አንድ ቡልጋሪያዊ በአገሩ የአንድ ክለብ አሰልጣኝ ሆኗል። ተጫዋቾቹ ደመወዝተኞች የሆኑበት፣ ትልቅ አዳራሽ ያለው ክለብ ነው። አየለ ስለ ልጆቹ ጻፈለት። መልሱ ከብዙ ወር በኋላ መጣ፦ አንድ ልጅ ላክልኝ፣ ከወጣቶቹ ጋር ልየው። አንድ ብቻ። አብሮ የጤና ፎርም ተልኳል።

ያ አንዱ ኸሊፋ ነበር። የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ልጅ ነው፤ አባቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ማሽላ ያርሳል። ከዳዊት በዕድሜ አንድ ዓመት ያንሳል፣ በቁመት አራት ጣት ይበልጣል። ዳዊት ሁለተኛው ነበር። ዳዊት ራሱ ይህን ያውቅ ነበር፣ አልከፋውምም። አንድ ቀን እቤታችን ሲመጡ ኸሊፋ ልጄን፣ "አንተ በር ላይ ነው የምታጎነብሰው። እኔ ደመና ሲመጣ ነው" አለው። ልጄ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አዲሱ ክልል የራሱን ልጅ ውጭ አገር ሊልክ ነው ተብሎ በየቢሮው ደስታ ሆነ። እኔ በሆዴ "አሁንማ ሁሉም ነገር ለእነሱ ሆኗል" አልኩ። እነማን ናቸው እነሱ? ጎረቤቶቼ አይደሉም? ልጆቻቸውን በእነዚህ እጆቼ ያዋለድኳቸው አይደሉም? "እነሱ" ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም።

ሐሙስ ቀን አየለ ሁለቱንም ልጆች ይዞ እምሠራበት ጤና ጣቢያ መጣ። ዳዊትን ያመጣው ለመጠባበቂያ ነው። ዶክተሩ ለክትባት ወደ ድንበር ወርዶ ስለነበር መርማሪዋ እኔ ሆንኩ። የአንደኛው እናት ናት፣ እንዴት ይሆናል ያለ አልነበረም። እጾማለሁ፣ እጸልያለሁ፤ በዚህ ያምኑኝ ነበር።

ኸሊፋ ሸሚዙን አወለቀ። ማዳመጫውን ደረቱ ላይ አደረግኩ። ልቡ ጤነኛ ነበር። እደግመዋለሁ፤ ልቡ ጤነኛ ነበር። ረጋ ብሎ፣ እኩል፣ አንድም ሳያዛንፍ ይመታል። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ያለ ልብ የሰማሁት ጥቂት ጊዜ ነው። እስክሪብቶ አነሳሁና "የልቡ ድምፅ ትክክል አይደለም፤ ከባድ እንቅስቃሴ ማድረግ የለበትም" ብዬ ጻፍኩ።

"ምን አገኙ ሲስተር?" አለኝ።

"ልብህ ያስቸግርሃል። ከእንግዲህ መሮጥ ይቅርብህ።"

ሳቀ። "የእኔ ልብ? ኧረ ሲስተር፣ የታመመውስ ማዳመጫው ነው!"

ማዳመጫውን ከአንገቴ አውርጄ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

አየለ ፎርሙን አንብቦ ቁጭ አለ። "አዲስ አበባ ወስጄ ባሳየውስ?" አለኝ። "መንገዱ ራሱ ይገድለዋል" አልኩ። የመጀመሪያውን ውሸት በእስክሪብቶ፣ ይህን ደግሞ በአፌ። ዶክተሩ ሲመለስ እኔን አምኖ ፈረመበት፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። የዳዊት ፎርም ተላከ።

ለአንድ ዓመት ብቻ ነው ብዬ ነበር። ዳዊት ይሂድ እንጂ ከዚያ ኸሊፋን ጠርቼ ተሽሎሃል እለዋለሁ ብዬ ነበር። ለምን አላልኩም? ዳዊትን ይመልሱታል ብዬ ፈራሁ። ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። እግዚአብሔርንስ? እሱን እፈራ የነበረው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ነበር ማለት ነው።

በሳምንቱ የኸሊፋ እናት ሐዋ ቤቴ መጣች። አማርኛን ገበያ ውስጥ የለመደች ናት፤ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ትላለች። በቅል ማር ይዛለች።

"የእኛ ሥጋ አንተ አይበላም፣ አውቃለሁ" አለችኝ። "ማር ግን የሁሉም ነው።"

ከዚያ እጄን ይዛ ሳመችው። ያንኑ የጻፍኩበትን እጅ።

"አንተ ባይሰማ፣ ልጄ ሜዳ ላይ ሞተ ነበር። አላህ ልጅህን ያሳድግልህ።"

ማሩን ተቀበልኩ። ዳዊት ለመንገድ ስንቅ ይዞት ሄደ።

ከቡልጋሪያ የዳዊት ደብዳቤ መጣ። የአዳራሹ ጣሪያ እንደ ቤተ ክርስቲያን ሩቅ ነው፤ ሕዝቡ ከበሮ ይዞ ይገባል፤ አሰልጣኙ ሲናደድ ወንበር በእግሩ ይመታል። ፎቶም ላከ። ተጫዋቾቹ በረድፍ ተቀምጠዋል፣ ልጄ መጨረሻው ወንበር ላይ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ። ከወጣቶቹ ወደ ዋናው ቡድን አደገ፤ ያቺን ወንበር ግን አልለቀቀም። በአራተኛው ዓመት ጉልበቱ ተሰበረ። ክለቡም አሰናበተው። እዚያው ቀረ፤ አግብቷል፣ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። አንድ ጊዜ በስልክ፣ "እማዬ፣ ኸሊፋ መጥቶ ቢሆን ኖሮ አዳራሹ በስሙ ይጮህ ነበር። የእኔን ስም እኮ በቅጡ ጠርተውት እንኳ አያውቁም" አለኝ።

ኸሊፋስ? አባቱ መቆፈሪያ እንዳይነካ ከለከለው። ያ የሚዘል ልጅ ገበያው አጠገብ ሱቅ ውስጥ ተቀመጠ። መጀመሪያ የወደዳትን ልጅ ቤተሰቦቿ ቶሎ መበለት ትሆናለች ብለው ከለከሉት። ሲሄድ ቀስ ይላል፤ ዳገት ላይ ደረቱን ይዞ ይቆማል። አንድ ሁለት ጊዜ ለወባ ታክሞ ሐኪሞቹ ልብህ ደህና ነው ብለውታል። "እነሱ ቸኩለው ነው፤ ሲስተር ግን ሰምታዋለች" ብሎ ለደንበኞቹ ሲናገር በጆሮዬ ሰማሁ። በሱቁ በር ባለፍኩ ቁጥር ይነሳልኛል። "አለሁ ሲስተር፣ በእርስዎ" ይለኛል። ይህን ቃል ስንት ዓመት ሰማሁት!

አመስጋኝ ሰው ነኝ። ለዝናቡም፣ ለእንጀራዬም፣ ለባሌ ደግነትም ተመስገን ብዬ አድሬአለሁ። ዳዊት ውጭ በመሄዱ ግን አንድም ቀን ተመስገን ብዬ አላውቅም። ምን ብዬ? የሰረቅኩትን ስለሰጠኸኝ ልበለው? ባሌ ሊሞት ዓመት ሲቀረው አብረን እንቁረብ አለኝ። ለመቁረብ መናዘዝ ነበረብኝ። "እኔ ገና ነኝ" አልኩት። ብቻውን ቆረበ፣ ለምን እንደተለየሁት ሳያውቅ ሞተ።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ኸሊፋ ቤቴ መጣ። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ እሱ ጠጉሩ ሸብቷል። ልጁን አስያን አስከትሏል። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በበሩ ስትገባ አጎነበሰች። ለክልሉ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ተመርጣለች።

"ሐኪም ቤት ጤነኛ ናት ብለዋል" አለኝ። "የእኔን የሰሙት ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። የእሷንም ይስሙልኝ።"

"ሳነጥስ እንኳ እጄን ይዞ የልቤን ምት ይቆጥራል" አለች ልጅቷ። "ሲስተር፣ እባክዎ ለእሱም አንድ መድኃኒት ይስጡት፣ የፍርሃት።"

አሮጌውን ማዳመጫ ከሣጥን አውጥቼ ሰማኋት። ጤነኛ ናት። እንደገና አለኝ። እንደገና ሰማሁ። ሦስተኛም አስደገመኝ።

"ምንም የለባትም ኸሊፋ።"

"ዛሬ የለም። የእኔም እኮ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው የመጣው።" ወደ ልጁ ዞረ። "ይቅርብሽ። ሞተሽ አላይም።"

አስያ ቀልዷ ሁሉ ጠፋ። ወደ ግድግዳው ዞራ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። ያን ሐሙስ የጻፍኩት ነገር ከአባት አልፎ ልጅ ላይ ደረሰ። ሄዱ። ያን ቀን እህል አልቀመስኩም። ነገ ሄጄ እነግረዋለሁ አልኩ። የምለውንም አጠናሁት፦ ልብህ ጤነኛ ነው፤ ያን ጊዜም ጤነኛ ነበር፤ የዋሸሁህ ልጄ እንዲሄድ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኸሊፋ ሱቁን ሳይከፍት ቤቱ ደረስኩ። ሐዋ አርጅታ፣ ዓይኗ ደክሞ፣ በረንዳ ላይ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ኸሊፋ ወንበር አመጣልኝ። ያጠናሁትን ልጀምር ብዬ ተቀመጥኩ። እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ገብቶ ማዳመጫውን ያዘ። "እስቲ አንተንም ልስማህ" አልኩት። ሸሚዙን ከፈተ። ያው ልብ ነው። ትንሽ ደክሟል፣ ግን ያው ነው።

"ልብህ ምንም የለበትም" አልኩ።

ፊቱ ተለወጠ። የቀረውን ልናገር ትንፋሼን ስስብ ቀደመኝ።

"ጠፋ?" አለ። "ሲስተር፣ በሽታው ጠፋ?"

ሐዋ "ምን አለ? ምን አለ?" ብላ ጠየቀች። በቋንቋቸው ነገራት። "አልሐምዱሊላህ!" ብላ ጮኸች። አስያ ከጓዳ እየሮጠች ወጣች። ሁሉም እኔን ያያሉ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር የቀረኝ። ሁለት ብቻ።

"አዎ" አልኩ። "ጠፍቷል።"

ኸሊፋ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በእንባው መሐል አስያን፣ "ሂጂ፣ ተጫወቺ" አላት። ለአስያ ስል ነው እንዳልል፣ እውነቱን ብናገርም አስያ ትጫወት ነበር። ለራሴ ስል ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የወሰድኩበትን ሰው ቁጣውን እንኳ ነሳሁት። ከእናንተም ይቅርታ አልጠይቅም። ይቅር ማለት የሚችለው የተበደለው ነው፤ እሱ ደግሞ መበደሉን አያውቅም።

ሐዋ ምንጣፉ ላይ እንዳለች ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። "ልጄን ሁለት ጊዜ ሰጠኝ። አላህ ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጅህን አገሩ ያግባልህ፣ ጀነት ያግባህ" እያለች ረጅም ምርቃት መረቀችኝ።

እኔም እያንዳንዱን እየተከተልኩ አሜን አልኩ።