ምቹ የገባበት በር

ልጄን መጀመሪያ የሳምኳት በተወለደች በስድስተኛው ቀን ነው። ቦታውን ሳይቀር አውቀዋለሁ፤ ከእርግብግቢቷ በስተግራ፣ ፀጉሯ ገና ስስ ሆኖ ቆዳዋ የሚታይበት ላይ። አንድ ጊዜ ብቻ አልነበረም። ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሜ ሳምኳት፤ አባት ሆኛለሁ ብዬ።

ያን ጊዜ ከአልዌሮ ግድብ በታች ባለ የሩዝ እርሻ ላይ የመስኖ ባለሙያ ነበርኩ። ሚስቴ ጋምቤላ ስትወልድ እኔ ወባ ጥሎኝ አቦቦ ተኝቼ ነበር። ትኩሳቱ ሲለቀኝ ከታችኛው ከንፈሬ ዳር ውኃ የቋጠሩ ትናንሽ ነገሮች ተደርድረው ወጡ። ባልደረቦቼ «ምች መታህ» ብለው ሳቁብኝ። እኔም ምች ነው አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ በዓመት አንዴ ሁለቴ ይመታኛል፤ ያሳክከኛል፣ ይቆስላል፣ ይደርቃል፣ በቃ። የተማርኩ ነኝ ባይ ነኝ። በቦይ ውስጥ በሰከንድ ስንት ሊትር ውኃ እንደሚያልፍ አሰላለሁ። ከንፈሬ ላይ ስለሚወጣው ነገር ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ቤት ስደርስ በሩን የከፈቱልኝ አማቴ ናቸው። አራስ ልጃቸውን ሊጠብቁ ከጎሬ ከመጡ ሳምንት ሆኗቸዋል። ሲመጡ በፌስታል አፈር ውስጥ የተተከለ ዳማከሴ ይዘው ነበር፤ ጋምቤላ ሙቀት ውስጥ አይጸድቅም ተብለው እንኳን አልሰሙም። የአራሷን ክፍል መስኮት በጋቢ ሸፍነውታል። ከትራሷ ሥር ቢላዋ አስቀምጠዋል። ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በሩ አይከፈትም፤ ምክንያቱም አራስና ሕፃን በቀትር ፀሐይ ካያቸው ምች ይመታቸዋል። በዚህ ላይ ከእሳቸው ጋር ሙግት የለም።

ከንፈሬን ሲያዩ ደነገጡ። «ውይ ልጄን! ምቹ እንዴት አድርጎ ነው የተጫወተብህ!» አሉና በር ላይ አስቆሙኝ። ከዳማከሴው ቅጠል ቆርጠው በመዳፋቸው አሹት፤ ጭማቂውን ከንፈሬ ላይ ቀቡኝ፤ የቀረውን አሸተቱኝ። ከዚያ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረግ አድርገው ወደ ጓዳ ገቡ፤ ልጅቷን በነጭ ነጠላ ጠቅልለው አመጡና «በል እንግዲህ፣ አሁን ለቆሃል። ልጅህን ሳማት» ብለው ደረቴ ላይ አስቀመጡልኝ።

በተወለደች በዘጠነኛው ቀን መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቆመ። መስኮቱ የተዘጋ ክፍል ውስጥ የጋምቤላ የመጋቢት ቀትር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። አማቴ ገበያ ወርደው ነበር። ሚስቴ ትንፋሽ ሲያጥራት ልጅቷን ታቅፋ ወጥታ ማንጎው ሥር ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓት አይሞላም። አማቴ ሲመለሱ እዚያው አገኟቸውና ግቢው በጩኸት ተናወጠ። «ልጅሽን ለምች ሰጠሻት! አንቺ እናት ነሽ?» የሚያሳፍረኝ ይህ አይደለም። የሚያሳፍረኝ እኔም አብሬ መቆጣቴ ነው። «እናትሽ የሚሉሽን ብትሰሚ ምን አለበት?» አልኳት፤ ከንፈሬ ላይ ያለውን ቅርፊት እየነካካሁ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ልጅቷ ጡት ተወች። አፏን ወደ ጡቱ ያመጡላታል፤ ትልሰዋለች፤ ትተኛለች። ገላዋ ይፋጃል። አማቴ «ይኸው፣ የፈራሁት ደረሰ» አሉና በዳማከሴ አሿት። ሚስቴ ወደ ሕክምና እንውሰዳት ስትል እሳቸው «ምች መርፌ አይወድም፤ ምች ላይ የተወጋ ሰው አይተርፍም» ብለው ከለከሉ። የአገሩ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላል። እኔም እስከ ነገ እንየው አልኩ። ያቺን አንድ ቀን ዛሬም ድረስ ለማንም መመለስ አልችልም።

በማግስቱ ጠዋት የግራ እጇ ብቻውን ይርገበገብ ጀመር። ጨብጬ ያዝኩት። እጄ ውስጥ ሆኖም አልቆመም። ባጃጅ ውስጥ እንዴት እንደገባን አላስታውስም፤ ሚስቴ ነጠላ ጫማ እንኳ አላጠለቀችም ነበር።

ሕክምና ቤቱ ውስጥ የተቀበለን ወጣት ሐኪም ነበር። ለወባ ደም ወሰዱ፤ የለም። ከጀርባ አጥንቷ ፈሳሽ ቀዱ። የማጅራት ገትር መድኃኒት ጀመሩላት። ነርሷ የአኝዋክ ተወላጅ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ አማርኛዋ ገና ያልቀና ሴት ናት። ልጅቷ እጅ ላይ የደም ሥር ስታጣ ከጭንቅላቷ ልትፈልግ ምላጭ አነሳች። ጥቂት ፀጉር ላጨች። ከዚያ ቆመች። ምላጩን አስቀመጠች። ከእርግብግቢቷ በስተግራ ውኃ የቋጠሩ ትናንሽ ነገሮች ተደርድረው ነበር። ነርሷ እነሱን አየች፤ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«አባት፣ ከንፈርህ ምን ሆነ?»

«ምች ነው፤ አሁን ድኗል።»

«ሕፃኑን ስሞታል?»

«ማን?»

«አንተ። በዚህ ከንፈር ስሞታል?»

አዎ አልኳት። ሐኪሙን ጠራች። ሚስቴና አማቴ ከመጋረጃው ውጪ ነበሩ።

ሐኪሙ ወደ ጎን ወስዶ «ሄርፐስ ይመስለኛል» አለኝ። ተቆጣሁ። የማውቀው ሄርፐስ በሴት አዳሪ ቤት የሚገኘውን ነውና «እኔ ሚስቴ ላይ ሄጄ አላውቅም! ምን ማለትህ ነው?» ብዬ ጮኽኩበት። ሐኪሙ ትዕግሥተኛ ነው። ሁለት ዓይነት እንደሆነ፣ ከንፈር ላይ የሚወጣውን አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ከሳመው ዘመድ እንደሚወስደው፣ ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን ሙሉ ነርቭ ሥር ተኝቶ እንደሚኖር፣ ትኩሳት ወይም ድካም ወይም ፀሐይ ሲያገኘው እንደሚነቃ ነገረኝ። «ስለዚህ አያቶቻችን ፀሐይን መጠርጠራቸው ከመሬት ተነሥተው አይደለም» አለ። «ግን ፀሐይ የሚቀሰቅሰው ያለውን ነው። ሕፃኗ ጋ ፀሐይ አላመጣውም። ለእርስዎ ከንፈር ላይ የሚያሳክክ ነገር ነው። የዚህች ልጅ ሰውነት ግን ገና መከላከያ የለውም፤ ወደ አንጎሏ ይወጣል።»

መድኃኒት አለው ወይ አልኩት። አለው፤ አሳይክሎቪር ይባላል። ቫይረሱን ከሰውነት ነቅሎ አያወጣም፤ እንዳይራባ ያደርገዋል። ከተማው ውስጥ ግን ያለው ቅባቱና እንክብሉ ነው። ለእሷ የሚያስፈልጋት በደም ሥር የሚሰጠው ነው፤ እሱ ደግሞ የለም። አምቡላንስ ላይ ጭኖ ወደ መቱና ጅማ መላክ አሰበ፤ በየሰዓቱ እየተንቀጠቀጠች መንገዱን አትችለውም ብሎ ተወው። እንክብሉን ፈጭተው በአፍንጫዋ በገባው ቱቦ ይሰጧት ጀመር። «ከሆድ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው፤ ከምንም ይሻላል ብለን ነው» አለኝ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ጋ ደወልኩ።

ከመጋረጃው ስወጣ ሚስቴ ግድግዳ ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። አማቴ ከላይዋ ቆመው «ስንት ጊዜ ነገርኩሽ!» ይላሉ። ሚስቴ ቀና ብላ አየችኝና «እኔ ገደልኳት» አለችኝ። «ማንጎው ሥር አውጥቼ እኔ ገደልኳት።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ከፈትኩ። ያወጣሁት ቃል ግን «አይዞሽ» ነበር። እንደ ይቅርታ ሰጪ ሆኜ አይዞሽ አልኳት። ከዚያ ነርሷን ተከትዬ ሄጄ ለሚስቴ እንዳትነግራት ለመንኳት። ነርሷ «እኔ አልናገርም። ያንተ ነው» አለች።

ወንድሜ መድኃኒቱን በዚያው ዕለት አገኘ። በማግስቱ ለሚሳፈሩ አንዲት የማያውቃቸው ሴትዮ እንደሚሰጥ ነገረኝ። በማግስቱ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ሥር ቆምኩ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ዝናቡ ከባሮ ማዶ እንደ ግድግዳ ቆሟል። የአውሮፕላኑን ድምፅ ሰማሁ። ከደመናው በላይ ዞረ፣ እንደገና ዞረ፣ ድምፁ እየራቀ ሄደ። አንዱ የማረፊያው ሠራተኛ ወጥቶ «ተመልሷል፤ ነገ» አለን። ሌላው ሰው ሁሉ እያጉረመረመ ወደ መኪናው ገባ። እኔ አጥሩን ይዤ ቀረሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ሞትን ተመኝቼ አላውቅም፤ የእሷን ሳይሆን የኔን። ውሰደኝና ተዋት አልኩ። ልመናዬን የሚሰማ ያለ አልመሰለኝም።

ስመለስ ልጅቷን በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ አንቀጥቅጧታል። አማቴ «ቄስ ይጠራ፤ ሰማንያ ቀኗን አትደርስም፤ ክርስትና ሳትነሣ እንዳትሄድብን» አሉ። አይጠራም ብዬ ጮኽኩ፤ ቄሱ ከመጣ የምትሞት መስሎኝ። ሚስቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይጠራ» አለች። ተጠራ። በሳህን ውኃ ተጠመቀች። ውኃው ሲነካት አላለቀሰችም፤ ያን ጊዜ ሁላችንም አለቀስን።

አውሮፕላኑ ሕክምና ቤት በገባን በሦስተኛው ቀን አረፈ። ሴትዮዋ ጥቁር ፌስታሉን እንደ ታቦት በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ነጥቄያቸው ነው የሮጥኩት።

ከዚያ ሃያ አንድ ቀን ሆነ። በየስምንት ሰዓቱ፣ በደም ሥሯ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብ ጠብ እያለ፤ ከፈጠነ ኩላሊቷን ይጎዳል ተብለናል። ሽንት ጨርቋን እያነሣሁ መርጠቡን ማየት የኔ ሥራ ሆነ። በአምስተኛው ቀን መንቀጥቀጡ ቆመ። በስምንተኛው ጡት ያዘች። አማቴ ስለት ገቡ፤ በየመካከሉም ለጠያቂው ሁሉ «እናቷ በቀትር አውጥታት እኮ ነው» ብለው ይተርኩ ነበር። ሚስቴ አንገቷን ትደፋለች። እኔ ጠብታውን እቆጥራለሁ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን አማቴ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሕክምና ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሚስቴ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነገርኳት። ሁሉንም። ከንፈሬን፣ የሳምኩበትን ቦታ፣ ነርሷን መለመኔን። ትጮሃለች፣ ትመታኛለች፣ ትሄዳለች ብዬ ነበር። ብትመታኝ እወድ ነበር።

«ከንፈርህን የቀባህ ማነው?» አለችኝ።

«እናትሽ።»

«ልጅቷን አምጥቶ የሰጠህስ? ሳማት ያለህስ?»

«እሳቸው ናቸው።»

«እማዬ ይህን ከሰማች አንድ ቀን አታድርም» አለች። «እኔ እችለዋለሁ። እንዳትነግራት።»

«ለኔስ?»

«ላንተማ» አለችና ተነሣች። «ላንተ ያለኝን ገና አላወቅኩትም።» ልጅቷን ልታጠባ ገባች።

ልጃችን አሁን ሦስት ዓመቷ ነው። ትሮጣለች። የግራ እጇ ከቀኟ ይደክማል፤ ቃላት ዘግይተው ይመጡላታል። ሐኪሙ እንዳለውም፣ ያ ነገር በዓመት ሁለት ሦስቴ እዚያው የሳምኩበት ቦታ ላይ ተመልሶ ይወጣል። ሲወጣ የአሳይክሎቪሩን ሽሮፕ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለክቼ በአፏ የምሰጣት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይነካብኝም። ከተነሣ ጀምሮ እስኪደርቅ ከሌሎች ሕፃናት አርቃታለሁ። እኔም ከንፈሬ ሲያሳክከኝ እንኳን ልስማት፣ የጠጣሁበትን ኩባያ አላስነካትም፤ ለምን አትስመኝም ብላ ታለቅሳለች።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ወጣባት። አማቴ ከጎሬ ደወሉ። የልጅቷን ለቅሶ በስልክ ሰምተው ምን ሆነች አሉ፤ ሚስቴ ነገረቻቸው። ስልኩ ክፍሉን ሁሉ ያሰማል።

«አሁንም በቀትር አወጣሻት? ከያኔው እንኳን አልተማርሽም?»

ሚስቴ እኔን እያየች፣ «አዎ እማዬ» አለች፤ «አወጣኋት።»

ሲሪንጁን አስቀምጬ ስልኩን እንድትሰጠኝ እጄን ዘረጋሁ። ጀርባዋን ሰጠችኝ።